ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የበረሩት ካውንት ቮን ሮዘን

ስዊድናዊው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን በነሐሴ ወር 1901 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፣ የቀይ መስቀልን አውሮፕላን እያበረሩ ከላስታ በስተሰሜን ምሥራቅ እስከምትገኘው ኮረም ድረስ በረሩ።

ከላሊበላ በላይ የተንሰራፋው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፍታው ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ዛሬ አውሮፕላን በደመና ውስጥ ወደ ተራራ ከተጠጋ መሣሪያው በድምፅ ያስጠነቅቃል፤ አብራሪዎቹም ሳያመነቱ ሙሉ የሞተር ኃይል ሰጥተው ሽቅብ ይወጣሉ። በካውንቱ ዘመን ግን ይህ መሣሪያ አልነበረም፤ ተራራውን ከጉሙ የሚለየው የአብራሪው ዓይንና ማስተዋል ነበር።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ኮረም ላይ ያረፈውን አውሮፕላን የጠላት ቦምብ አወደመው፤ የቀይ መስቀሉ ምልክት አላስጣለውም። ካውንቱ ግን ተረፉ። ከድል በኋላ ተመልሰው እስከ 1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያን አየር ኃይል አደራጁ፤ መሩም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ረሃብ በገባ ጊዜም፣ በትንንሽ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ መንገድ ለማይደርሳቸው ወገኖች እህል ጣሉ።

ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ለእርዳታ ሥራ ጎዴ ሳሉ፣ በሶማሊያ ወረራ ወቅት በደረሰ ጥቃት በ67 ዓመታቸው ሕይወታቸው አለፈ። ሞት ያገኛቸው በሚበሩበት ሰማይ ሳይሆን በምድር ላይ ነበር።