ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስና በዋሻ ውስጥ ያሳነጸው ቤተ ክርስቲያን

የላስታ ስም ሲነሣ የቅዱስ ላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት የማያስብ ምእመን የለም፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከላሊበላ አስቀድሞ በዚያው አገር የነገሠውን፥ ንጉሥም ካህንም የነበረውን ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስን ብዙዎቻችን በስሙ ብቻ እናውቀዋለን። ስለዚህ ስለ ኑሮውና ስለ ሥራው ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ይምርሐነ ክርስቶስ በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረ ሲኾን፥ ቤተ ክርስቲያናችን በቅድስና ከምታከብራቸው ከአራቱ የዛጔ ነገሥታት የመጀመሪያው ነው፤ ገብረ ማርያም የተባለው ሐርቤ፥ ላሊበላና ነአኵቶ ለአብ ከእርሱ በኋላ ይከተላሉ። ገድሉ የተጻፈው እርሱ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ነውና፥ ስለ ወጣትነቱ የምናገኘው አባቶች እየተቀባበሉ ያቆዩትን ነው። እንደ ትውፊቱ አጎቱ የኾነው ንጉሥ መንግሥቴን ይወስድብኛል ብሎ ስለ ፈራ ሊገድለው ይፈልገው ነበር፤ እርሱም ሸሽቶ በስደት ኖረ። ዘውድ በጫነ ጊዜም ክህነቱን አልተወም፤ 40 ዓመት ያህል ሲገዛም ሲቀድስም እንደ ኖረ ይነገራል።

ለቅዳሴው ኅብስትና ወይን ከሰማይ ይወርድለት እንደ ነበረ ካህናቱ ይተርካሉ። ይህን አንባቢ ሳያውቀው አይቀርም፤ እኛ ግን እምብዛም የማይነሣውን ሌላ ነገር እናስታውስ። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ቤተ ክርስቲያን ጐብኝቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የአገሩ ሰዎች ስለ ንጉሡ የነገሩትን ሲጽፍ፥ በዘመኑ ኹሉ ከሕዝቡ ግብር እንዳልወሰደ፥ ያመጡለትንም ለድኾች ያከፋፍል እንደ ነበረ፥ ራሱም ከሚያሳርሰው እርሻ ይመገብ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ንጉሡ ካረፈ ከ300 ዓመት በላይ አልፎ ሳለ፥ የገበሬው ልጅ የሚያስታውሰው ጦርነቱን ሳይኾን ያልወሰደበትን እህል ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ከላሊበላ በሰሜን ምሥራቅ፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን፥ ወግረ ስኂን በተባለው ስፍራ ይገኛል። ከዐለት የተፈለፈለ አይደለም፤ በሰፊ ዋሻ ውስጥ እንደ ቤት የታነጸ ነው እንጂ። ግድግዳው አንዱ ረድፍ በነጭ ምርጊት የተለሰነ ድንጋይ፥ አንዱ ረድፍ የጠቈረ አግዳሚ እንጨት እየኾነ፥ ከታች እስከ ላይ እየተፈራረቀ ይወጣል። ይህ ከአክሱም የወረደ ጥንታዊ የአሠራር ስልት ነው፤ በደብረ ዳሞም ይታያል። በላሊበላ በቤተ አማኑኤል ግድግዳ ላይ የሚታየው ገባ ወጣ ያለ ረድፍም የዚህ ዐይነቱ ግድግዳ በዐለት ላይ የተቀረጸ ምስል ነው። ስለዚህ ላሊበላን የተሳለመ ሰው ምስሉን አይቶአልና፥ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ቢወጣ ደግሞ እውነተኛውን እንጨት ያያል። ውስጡ በዐምዶች በሦስት ተከፍሎአል፤ የመካከሉ ጣራ ኹለት ክንፍ ያለው የእንጨት ጣራ ሲኾን፥ የጐንና ጐኑ ጣራ በልዩ ልዩ ሐረግና መስቀል የተጌጠ ነው። ከመቅደሱም በላይ ጕልላት አለ።

እንጨቱ ከግብጽ መጣ የሚሉ አሉ። እኛ ለዚህ ብዙ መከራከር አያስፈልግም እንላለን፤ ከየትም ይምጣ፥ ይህን ያህል ዘመን ያቆየው ዝናብና ፀሓይ የማያገኘው የዋሻው ከለላ ነው። በባምባሲ በቀርከሃ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ከማናችንም ይልቅ ያውቀዋል፤ እርጥበትና ምስጥ ከእንጨት ጋራ ምን እንደሚያደርጉ በየዓመቱ ያያልና። ይህም ኾኖ የቤተ ክርስቲያኑ መሠረት በረግረግ ላይ በተነጠፈ እንጨት ላይ እንደ ቆመ ካህናቱ ይናገራሉ።

የንጉሡ መቃብር በዚያው በዋሻው ውስጥ ነው። ከሕንጻው በስተኋላ ደግሞ በሩቅ ዘመን ለመሳለም መጥተው በዚያ ያረፉ የብዙ ሰዎች ዐፅም ይገኛል፤ ከግብጽ፥ ከሶርያና ከሮም ሳይቀር የመጡ ናቸው ይባላል። ጐብኚዎች ይህን ዐፅም እንደ ትርኢት ሲመለከቱት ማየት ያሳዝነናል። እነዚህ ሰዎች በእግራቸው ተጕዘው፥ የሚቀድሰውን ንጉሥ ፈልገው የመጡ ምእመናን ናቸው፤ ስማቸው አልተጻፈም፥ የተጋደሙትም ያለ መቃብር ነው። ጥቅምት 19 ቀን፥ የቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ በዓል በሚከበርበት ዕለት፥ ተሳላሚው ወደ ዋሻው ሲገባ ከንጉሡ መቃብር አልፎ ወደ እነርሱም ይጠጋል።