የሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሕይወትና የሊማሊሞ ዶሮ

በዚህ እትም ታሪኩን ልናወሳው የፈለግነው ሰው ፔኒሲሊንን ያገኘው ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። ስሙን ያልሰማ ተማሪ ይኖራል ብለን አንገምትም፤ ዳሩ ግን ስለ ድሉ የተነገረንን ያህል ስለ ሥጋቱ አልተነገረንም። ሥጋቱ ከደባርቅ አፋፍ ጀምሮ በሊማሊሞ ቍልቍለት እስከ ዛሪማ ድረስ በየደጃፉ የሚጭሩትን ዶሮዎች ሳይቀር የሚነካ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን አያይዘን ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሌሚንግ በ1881 በስኮትላንድ፣ ዳርቬል በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በሰባት ዓመቱ አባቱ ሞተበት። በብርዳም ደጋ ላይ በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት እየተመላለሰ ማደጉን ስናነብ፣ እኛ የዳባትና የደባርቅ ልጆች የራሳችንን መንገድ እናስታውሳለን። በ1895 ወደ ሎንዶን ሄደ፤ ለጥቂት ዓመታትም በአንድ የመርከብ ድርጅት በጸሐፊነት ሠራ። ከዚያም ከአጎቱ ጥቂት ውርስ ስለ ደረሰው በ1901 በሴይንት ሜሪ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። በ1906 ተመርቆ በዚያው ሆስፒታል በሰር አልምሮዝ ራይት ሥር የምርምር ሥራ ጀመረ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ አገር የቍስለኞችን ቍስል መረመረ። ሐኪሞቹ በጥልቅ ቍስል ውስጥ የሚያፈሱት ጀርም ገዳይ መድኃኒት፣ በቍስሉ ስርቻ የተሸሸጉትን ጀርሞች ትቶ ሰውነትን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎች እንደሚፈጅ አስረዳ። መድኃኒት ከታሰበለት ሥራ ሌላ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተወም።

በመስከረም 1928 ከዕረፍት ሲመለስ፣ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴርያ በሚያድግበት ሳሕን ላይ ሻጋታ በቅሎ፣ በሻጋታው ዙሪያ ያለው ባክቴርያ ጠፍቶ አገኘ። ከሻጋታው የሚወጣውን ነገር ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ጽሑፉን አሳተመ። አጣርቶ መድኃኒት ማድረግ ግን አልቻለም። ይህን የፈጸሙት በ1940 ገደማ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፍሎሪ፣ ቼይንና ሂትሊ ናቸው። ፍሌሚንግ፣ ፍሎሪና ቼይን በ1945 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ሽልማቱን ሲቀበል ያደረገው ንግግር በደስታ ብቻ አላለቀም። ጀርም ሊገድለው በማይችል አነስተኛ መጠን መድኃኒት ቢቀርብለት መድኃኒቱን መቋቋም እንደሚለምድ፣ ሰውም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጥቂት ጥቂት ቢወስድ ይኸው አደጋ እንደሚደርስ አስጠነቀቀ።

አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1950 ጁክስና ስቶክስታድ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች አውሬኦማይሲን የተባለው መድኃኒት በጥቂቱ በመኖ ሲደባለቅ ጫጩቶች ፈጥነው እንደሚያድጉ አስታወቁ። ነጋዴው ተደሰተ፤ ልማዱም በብዙ አገር ተዛመተ። ፍሌሚንግ የፈራው አነስተኛ መጠን በየቀኑ በዶሮ ገበታ ላይ ይቀርብ ጀመር። እርሱ በመጋቢት 1955 ሎንዶን ውስጥ አረፈ።

ሥጋቱ እውነት መሆኑን ጊዜ አስረዳ። በ1976 ስቱዋርት ሌቪ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ባሳተመው ጥናት፣ ቴትራሳይክሊን የተደባለቀበት መኖ የበሉ ዶሮዎች አንጀት በአንድ ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን በሚቋቋም ባክቴርያ ተሞላ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ይኸው ዓይነት ባክቴርያ በእርሻው ቤተሰብ ላይ በረከተ። የአውሮፓ ኅብረት አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያ ብሎ በመኖ መደባለቅን ከ2006 ጀምሮ ፈጽሞ ከለከለ።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? የመንደራችን ዶሮ እንደ ፈረንጅ ዶሮ በፋብሪካ መኖ አያድግም፤ ጭሮ ያድራል። ነገር ግን ፈንግል የገባ እንደ ሆነ በአንድ ሳምንት ቆጡ ባዶ ይቀራል፤ ከቆጡም ጋር የጨው፣ የቡናና የልጅ ደብተር መግዣ ይሄዳል። ስለዚህ በብዙ የኢትዮጵያ ገጠር እናቶች ለሰው የተሠራውን የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍተው በውሃ ወይም በፍርፋሪ ለዶሮ ይሰጣሉ። አንወቅሳቸውም፤ ያለቻቸውን ሀብት ለማዳን የሚያደርጉት ነው። ፈንግል ግን የቫይረስ በሽታ ስለ ሆነ ካፕሱሉ አያድነውም። የሚያተርፈው ነገር ቢኖር በዶሮዋ አንጀት ያለውን ባክቴርያ መድኃኒት ማስለመድ ነው። ያም ባክቴርያ በኩስ፣ በእጅና በውሃ ወደ ቤት ይገባል፤ ሕፃኑ ታሞ ጤና ጣቢያ በተወሰደ ቀን መድኃኒቱ እንቢ ሊል ይችላል።

ለፈንግል ክትባት አለ፤ በአገራችን በቢሾፍቱ ይሠራል። ችግሩ አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን፣ አንዲት እናት ያሏት ግን አምስት ወይም ስድስት ብቻ መሆናቸው ነው። እንግዲህ ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ ዶሮውን በአንድ ቀን እንዲያስከትብ ማስተባበር ከእኛ ይጠበቃል። በመጪው ዕረፍት ወደየቀበሌያችን ስንመለስ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግረን ቀኑን እናስቈርጥ፤ የታመመችው ዶሮ ከጤነኞቹ እንድትለይ እንምከር፤ ለሰው የታዘዘው ካፕሱልም ለታዘዘለት ሰው ብቻ፣ እስከ መጨረሻው እንዲዋጥ እናስረዳ። የፍሌሚንግን ታሪክ ማንበባችን የሚጠቅመው ይህን ስንሠራ ነው።