አክሊሉ ለማ፦ የእንዶዱ ሊቅና የምርምር ገንዘብ ጥያቄ

እ.አ.አ በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ ነበር። ሳሙናቸው እንዶድ ነው። ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት የተመረቁት፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው አክሊሉ ለማ በዚያው ወንዝ ቀንድ አውጣዎችን ያጠኑ ነበር። የእንዶዱ አረፋ በሚወርድበት በኩል የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ በዝተው አገኟቸው።

የቢልሃርዚያ ትል የሕይወት ዑደቱን የሚያሟላው በቀንድ አውጣ ውስጥ አልፎ ነው። ቀንድ አውጣው ሲጠፋ የበሽታው መተላለፊያ ይቋረጣል። ለዚህ ይውል የነበረው ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ምርት ሲሆን፣ እንዶድ ግን የአገሬው ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ተክል ነው።

አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ከ1969 ጀምሮ በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ይህም ሆኖ እንዶድ በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም። የዓለም ጤና ድርጅት ተክሉ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደማያደርስ የሚያሳይ ተጨማሪ ማስረጃ ጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበር። ችግሩ ተቀባይነት ያለው ምርመራ የሚደረግባቸው ቤተ ሙከራዎች ያሉትም፣ ወጪውን የሚሸፍኑት ለጋሾች የሚገኙትም ባሕር ማዶ መሆናቸው ነው። ተመራማሪው ከቤተ ሙከራ ሥራቸው ባልተናነሰ ገንዘብ በመለመን ደከሙ።

የገዛ አገራቸው መራጭስ የት ነበር? ግኝቱ በተገኘ በዓመቱ፣ በ1965፣ ኢትዮጵያውያን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መርጠዋል። ሆኖም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ተወዳዳሪው የሚቀርበው በግሉ ስለነበር ስለ ምርምር በጀት የሚከራከር የፓርቲ መርሐ ግብርም አልነበረም። ፓርቲዎች ከመጡ በኋላም ቢሆን ጉዳዩ ብዙ ቦታ አላገኘም። በ2005ቱ የኢትዮጵያ የምርጫ ክርክር የመሬት ይዞታና የፌዴራል ሥርዓቱ ጎልተው ወጡ። ከጅግጅጋ ስሟን የወሰደችው የጅግጅጋ ያር ሰፈር በምትገኝባት ሐርጌሳም፣ በኅዳር 2024ቱ የሶማሊላንድ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ የዓለም አቀፍ ዕውቅና ጉዳይ ከፊት ነበር።

የእንዶድን የደኅንነት ምርመራ በመጨረሻ የደገፈው የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ነው። ከግኝቱ እስከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ አልፏል። በ1989 አክሊሉና የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ቀጥሎ የመጣው ይበልጥ ያስገርማል። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የዜብራ መስል የተባለ ባለ ቅርፊት እንስሳ የውኃ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። እንዶድ እርሱንም እንደሚገድል በኦሃዮው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ከአክሊሉ ጋር በተደረገ ጥናት ታወቀ፤ ዩኒቨርሲቲውም የፈጠራ መብት አወጣበት። የዓድዋ አጣቢዎች ዕውቀት በአሜሪካ የተመዘገበ ንብረት መሆኑ፣ የትርፉ ባለቤት ማን ነው የሚል ክርክር አስነሣ።

አክሊሉ ለማ በሚያዝያ 1997 ዐረፉ። አዲስ አበባ ውስጥ የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።