ሙሴ ኢልግ፣ አሮጌው ጠመንጃና የጀልዴሳ መንገድ

ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ግን ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣ ነጋዴ ሁሉ ሳይረግጣት የማያልፋት የሲራራ ማረፊያ ነበረች። በረሃውን አቋርጦ የመጣው ግመል ጭነቱን የሚያራግፈው እዚህ ሲሆን፣ ከዚህ በላይ ያለውን ዳገት ለመውጣት ዕቃው ወደ በቅሎና ወደ አህያ ጀርባ ይዛወር ነበር። ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ጨርቁና ጠመንጃው ወደ ደጋ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን የምንመለከተው ሰው አልፍሬድ ኢልግ፣ በቤተ መንግሥቱ አጠራር ሙሴ ኢልግ፣ የዚህን መንገድ ጥቅም በሚገባ የተረዳ፣ በመጨረሻም መንገዱን በራሱ ሥራ ከአገልግሎት ውጭ ያደረገ መሐንዲስ ነው። እኛ የሙያ ባልደረቦቹ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው በባቡሩ ሐዲድ ነው። እዚህ ግን የሕይወቱን ፈለግ በጠመንጃ በኩል ለመከተል እንሞክራለን። ዘመኑ የሚቈጠረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፣ የጠመንጃዎቹ ሞዴል ብቻ እንደ ስማቸው በአውሮፓ አቈጣጠር ተጽፏል።

ኢልግ በመጋቢት ወር 1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር፣ በቱርጋው አውራጃ ዋና ከተማ በፍራውንፌልድ ተወለደ። ከዚያው አውራጃ ቫገንሃውዘን ከምትባል መንደር ከእርሱ በፊት የተወለደ ሌላ የብረት ባለሙያ ነበረ፤ እርሱም ፍሪድሪሽ ቬተርሊ ይባላል። ቬተርሊ በኖይሃውዘን ፋብሪካ ሲሠራ ያወጣው ከኋላ የሚጎርስና ከአሥር በላይ ጥይት በሆዱ የሚይዝ ጠመንጃ የስዊስ ሠራዊት መሣሪያ ሆነ። በዚያ አገር የተማሪ ቤት ወንዶች ልጆች በካዴት ጓድ ተደራጅተው ሰልፍና ተኩስ የሚማሩበት ልማድ ስለ ነበረ፣ ለእነርሱም በዚሁ ሥርዓት አጠር ያለ፣ ቀለል ያለና አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ የመለማመጃ ጠመንጃ ተሠራላቸው። ይህ ሞዴል 1870 የተባለው የካዴት ጠመንጃ ዛሬ አሮጌ መሣሪያ በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ እጅግ የሚፈለግ ነው። ኢልግ ያደገው እንግዲህ ጠመንጃ የትምህርት መሣሪያ፣ ሥራውም የሕዝብ ሙያ በሆነበት አገር ነው። ከዚያም በዙሪክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ምሕንድስና ተማረ።

በዚያው ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከአውሮፓ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ይፈልጉ ነበር። ኢልግ ሁለት የአገሩን የእጅ ባለሙያዎች አስከትሎ በ1870 ዓ.ም. ከስዊስ ተነሣ፤ በባሕሩ ዳር ብዙ ወራት ከተጉላላ በኋላ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገባ። ዕድሜው ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ሲተረክ የኖረ አንድ ነገር አለ። ንጉሡ ሙያውን ለመፈተን በመጀመሪያ ጫማ እንዲሰፋ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት ይባላል። ኢልግ ጠመንጃ ከውጭ ገዝቶ ማስመጣት እዚህ ከመሥራት ይልቅ በዋጋም በጥራትም እንደሚሻል ቢያስረዳም፣ ንጉሡ በሐሳባቸው ጸኑ። ስለዚህ ባለው መሣሪያና በተገኘው ብረት አንድ ጠመንጃ ሠርቶ አቀረበ፤ ንጉሡም ጠመንጃውን ከሌሎቹ ለይተው በክብር አስቀመጡት ይባላል።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ጨዋታ ያወራዋል። በሙያችን ዓይን ሲታይ ግን ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። የጠመንጃ አፈሙዝ ከውስጥ መቦርቦርና በመስመር መቈረጥ ትክክለኛ የማሽን መሣሪያ ይፈልጋል፤ አንዱን በእጅ መሥራት ቢቻል እንኳ ሺሁን በአንድ ልክ ማውጣት የሚቻለው በፋብሪካ ብቻ ነው። የኢልግ ስሌት ከዚህ የመነጨ ነው። ምኒልክ ደግሞ የጠየቁት የዋጋን ጉዳይ አልነበረም፤ ነገሩ በአገር ውስጥ ሊሠራ መቻል አለመቻሉን ማወቅ ፈለጉ። የባሕሩ በር በሌላ እጅ በሆነበት ዘመን ይህ ጥያቄ የመንግሥት ጥያቄ ነበር።

ፋብሪካ እስኪኖር ድረስ የነበረው መንገድ መሰብሰብ ነው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ መንግሥታት በየአሥር ዓመቱ ያህል መሣሪያ ይለውጡ ስለ ነበር፣ የተጣለው አሮጌ ጠመንጃ በነጋዴ እጅ ወደ ቀይ ባሕር ይወርዳል። የእንግሊዙ ሰናድር፣ ሬሚንግተን፣ ፈረንሳዮች ለበን የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ሲይዙ የተዉት ውጅግራ፣ ሁሉም በየተራ ደረሱ። ችግሩ የጥይታቸው ልክ የተለያየ መሆኑ ነበር። የሰናድር አፈሙዝ 14.7 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የውጅግራ 11፣ የቬተርሊ ደግሞ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይጎርስም። ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር በነበረበት አገር፣ ጠመንጃ መግዛት የሥራው እኩሌታ ብቻ ነበር፤ እኩሌታው ለየጠመንጃው ጥይቱን ማግኘት ነው።

የጀልዴሳም ስም በዚህ ንግድ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል። ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ሐረርን ለቀው ከወጡ በኋላ፣ በ1878 ዓ.ም. የኢጣልያዊው የፖሮ ጓዶች ከዘይላ ሲመጡ በጀልዴሳ አካባቢ በሐረሩ አሚር ሰዎች ተገደሉ። ምኒልክ በታኅሣሥ ወር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ሲይዙ የጀልዴሳም መንገድ በእጃቸው ገባ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ 2,000 የሚያህል በካፕስል የሚተኮስ አሮጌ ጠመንጃ ለምኒልክ አመጣ። ዋጋው በብዙ ተቀንሶ፣ ክፍያውንም ከሐረር ከራስ መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው። ራምቦ በኋላ በሐረር ሱቅ ከፍቶ ሲነግድ ከኢልግ ጋር ይጻጻፍ ነበር፤ ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ዕዳና ስለ መንገድ መዘግየት የተለዋወጡት ደብዳቤ ዛሬም ለታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ ምንጭ ነው። በ1883 ዓ.ም. እግሩ ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ሲወርድ ያለፈውም በጀልዴሳ በኩል ነው።

ኢልግ በጦር መሣሪያ ግዢ እጁ ቢኖርበትም፣ ልቡ ያረፈው በሌላ ሥራ ላይ ነበር። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። በ1886 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ የወጣውን ውሃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አስገባ፤ ውሃ ወደ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ ይወጣል መባሉ በጊዜው ለብዙዎች የማይታመን ነገር ነበር። በውጫሌ ውል ምክንያት ከኢጣልያ ጋር ክርክር በተነሣ ጊዜም ንጉሠ ነገሥቱ ምክሩን ከሚሰሙት የውጭ ሰዎች አንዱ ሆነ።

ክርክሩ እየበረታ ሳለ ኢጣልያ በ1885 ዓ.ም. ምኒልክን ለማባበል 2 ሚሊዮን ያህል ጥይት ላከች። ምኒልክ ጥይቱን ከተቀበሉ በኋላ ውሉን አፈረሱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተሰለፈው የኢጣልያ ጦር አብዛኛው የያዘው ቬተርሊ ነበር፤ አዲሱ ካርካኖ እያለ ለዚህ ዘመቻ አሮጌው መርጦ ተሰጥቶት ነበር። ይህ የኢጣልያ ቬተርሊ መጀመሪያ እንደ ስዊስ ካዴቶች ጠመንጃ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሲሆን፣ በኋላ በ1887 ሞዴል አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተጨመረለት። ከድሉ በኋላ 11,000 ያህል ጠመንጃና 56 መድፍ ተማረከ። እንዲህ ሆኖ ከአንድ የስዊስ አውራጃ የወጡ የሁለት ሰዎች ሥራ በአንድ የታሪክ ዘመን በሁለት ተቃራኒ ወገን ተገኘ፤ የአንዱ ጠመንጃ ከወራሪው ጋር፣ የሌላው ምክርና ሙያ ከኢትዮጵያ ጋር። ኢልግ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪነት ማዕርግ ተሰጠው።

ታላቁ ሥራው የባቡሩ መንገድ ነው። በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. ከጅቡቲ በሐረር አድርጎ እስከ እንጦጦ፣ ከዚያም እስከ ነጭ ዐባይ የሚደርስ ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያስችለው ፈቃድ ተሰጠው፤ በዚህም ከፈረንሳዊው ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው ከ600 ሜትር በላይ የሆነ ዳገት ከወጪው ጋር ተመዝኖ መስመሩ ሐረርን ትቶ በቆላው እንዲቀጥል ተወሰነ። ባቡሩ የቆመበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። የግመሉ ጭነት ወደ ባቡሩ ሲዛወር የጀልዴሳ ማረፊያነት አበቃ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ጠመንጃ የሚራገፈው በድሬዳዋ ጣቢያ ነው።

ይህ ድል ለኢልግ ሙሉ ደስታ አልሰጠውም። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. እጁን አስገባ። ምኒልክ መንገዱ የውጭ መንግሥት መሣሪያ ይሆናል ብለው ስለ ሰጉ ሥራው ድሬዳዋ ላይ ለብዙ ዓመት ቆመ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በሌላ ኩባንያ እጅ ነው። ኢልግ ይህን አላየም። በ1899 ዓ.ም. ከአገልግሎቱ ተሰናብቶ በዙሪክ ተቀምጦ ሳለ በታኅሣሥ ወር 1908 ዓ.ም. በድንገት ዐረፈ። ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው የእጅ ሥራዎችና ያነሣቸው ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ይገኛሉ።

በምኒልክና በተከታዮቻቸው ዘመን የተሰበሰበው አሮጌ ጠመንጃም በበኩሉ ረጅም ዕድሜ ኖረ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጣ ብዙ ቬተርሊ፣ ውጅግራና ካርካኖ በባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች እጅ ገብቷል። እነርሱ በሰደፉ ላይ የተቀረጸውን ምልክት፣ በአፈሙዙ ላይ የተመታውን ቁጥር እያነበቡ ከየት ፋብሪካ ወጥቶ በማን እጅ እንዳለፈ ይመረምራሉ። የጎደለው ብሎን በአገር ቤት አንጥረኛ እንደ ተተካ፣ የተሰነጠቀው እንጨት በጥሬ ቆዳ እንደ ታሰረ በዐይን የሚታየው በእነዚሁ ላይ ነው። ኢልግ ስለ ሠራው አንድ ጠመንጃ ሁላችንም ሰምተናል፤ እነዚህን ሺዎች ጠመንጃዎች ለመቶ ዓመት ሲጠግኑ የኖሩት አንጥረኞች ግን ስማቸው በየትም አልተጻፈም። በየመጋዘኑና በየቤቱ የቀረው ሳይበተን ቁጥሩንና የጥገናውን ዓይነት መዝግቦ ማስቀመጥ ከመሐንዲስ በተሻለ የሚችለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ንጉሡ በአንኮበር ለጠየቁት ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ያለው በእነዚያ ጥገናዎች ላይ ነው።