ጠባቡን ወጥ ቤት ያሰፉ ሴት፤ የማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ የሕይወት ታሪክ

ስማቸው በታሪክ ከፍ ብሎ የሚነገርላቸው የሕንፃ ነዳፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ቤተ መንግሥት፣ ካቴድራል ወይም ሰፊ አደባባይ ሠርተው ያለፉ ሰዎች ናቸው። ዛሬ የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ የምናቀርብላቸው ወይዘሮ ግን በዓለም ዙሪያ የታወቁት ወርዷ 1 ሜትር ከ90፣ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር በሆነች አንዲት ወጥ ቤት ምክንያት ነው። ይህች ወጥ ቤት ስፋቷ 6 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ስትሆን፣ በውስጧ የሚሠራ ሰው ጠበበኝ ሳይል ሥራውን እንዲፈጽም ሆና የተሰናዳች ነበረች። ስለዚህ ጠባብ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ሁሉ የእኒህን ሴት ታሪክ ቢያውቅ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ማርጋሬቴ ሊሆትስኪ በጃንዋሪ 23 ቀን 1897 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለዱ። አባታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ልጅቱ በ1915 በቪየና ከተማ ወደሚገኘው የጥበበ እድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብተው የሕንፃ ንድፍ ለመማር በፈለጉ ጊዜ፣ ቤተ ዘመዱም መምህራኑም ሐሳባቸውን እንዲለውጡ መከሯቸው። ምክንያቱም በዚያ ዘመን ቤቱን ለሴት ነዳፊ አምኖ የሚሰጥ ሰው ይገኛል ብሎ የሚያስብ ስላልነበረ ነው። እሳቸው ግን ከሐሳባቸው ፈቀቅ አላሉም። በኦስትሪያም ይህን ትምህርት ከተማሩት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ለመሆን በቁ።

በ1917 ለሠራተኞች መኖሪያ የሚሆን ቤት ለመንደፍ ውድድር በተደረገ ጊዜ፣ መምህራቸው ኦስካር ሽትርናድ ወረቀትና እርሳስ ከማንሳታቸው በፊት ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር ሄደው ኑሮውን በዓይናቸው እንዲያዩ አዘዟቸው። በዚያ ጊዜ በቪየና አንድ ቤተ ሰብ በአንዲት ክፍልና በአንዲት ወጥ ቤት ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ኪራዩን ለማሟላትም አልጋውን ለመኝታ ብቻ ለሚመጣ እንግዳ የሚያከራይ ብዙ ነበር። ወይዘሪት ማርጋሬቴ ያዩት ነገር ከልባቸው ሳይጠፋ ቀረ። ውድድሩንም አሸንፈው ሽልማት ተቀበሉ፤ ከዚያ በኋላም የሀብታም ቤት ከመንደፍ ይልቅ የድኻውን ቤት ማሻሻል የሕይወታቸው ሥራ ሆነ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ቤት ያጡ የቪየና ሰዎች ከከተማው ዳር መሬት ይዘው በራሳቸው ጉልበት ጎጆ ይሠሩ ጀመር። ወይዘሪት ማርጋሬቴም ከታወቀው ነዳፊ ከአዶልፍ ሎስ ጋራ ሆነው እነዚህን ሰፋሪዎች በንድፍ ሥራ ይረዱ ነበር። በዚሁ ጊዜ ክሪስቲን ፍሬድሪክ የተባሉ አሜሪካዊት ስለ ቤት አያያዝ የጻፉት መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ እጃቸው ገባ። ጸሐፊዋ በፋብሪካ የሠራተኛውን እንቅስቃሴ በሰዓት እየለኩ ከንቱ ድካምን ማስወገድ ከተቻለ፣ ይኸው ዘዴ ለወጥ ቤትም ይሠራል ብለው ያስተምሩ ነበር። ይህ ትምህርት በወጣቷ ነዳፊ አእምሮ ውስጥ እንደ ዘር ተቀመጠ። በ1924 ግን በሳንባ ነቀርሳ ታመው ለብዙ ወራት በሐኪም ቤት ለመቆየት ተገደዱ።

ከሕመማቸው ከዳኑ በኋላ፣ በ1926 በጀርመን አገር የፍራንክፈርት ከተማ የሕንፃ ሥራ አዛዥ የነበሩት ኤርንስት ማይ ከመሥሪያ ቤታቸው ጋራ እንዲሠሩ ጠሯቸው። ከተማው ለሠራተኞች ከ10,000 በላይ አዳዲስ ቤቶች ለመሥራት ተነሥቶ ነበር። ችግሩ ግን እንዲህ ነው፤ ቤቱ ሰፊ ከሆነ ኪራዩ ከሠራተኛው ደመወዝ በላይ ይሆናል፤ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ኑሮው እንደ ድሮው መጨናነቅ ይሆናል። በአሮጌው ቤት ወጥ ቤት ማለት የሚበሰልበት፣ የሚበላበት፣ የሚታጠብበት፣ ሌሊትም የሚተኛበት ክፍል ነበር። እንፋሎቱና ሽታው ከልጆቹ መኝታ ጋራ ተደባልቆ ያድራል። ስለዚህ ማብሰያው ከመኖሪያው ተለይቶ ለብቻው ይሁን ተባለ። ለእርሱ የተተወው ቦታ ግን ከላይ የተናገርነው 6 ካሬ ሜትር ተኩል ብቻ ሆነ።

የሚያስገርመው ነገር፣ ይህን ሥራ የተቀበሉት ሴት እስከዚያ ቀን ድረስ ቤት አስተዳድረው ወይም ወጥ ሠርተው የማያውቁ መሆናቸው ነው። ይህንንም በኋላ ራሳቸው ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር። የማያውቁትን በግምት ከመሙላት ይልቅ ግን የቤት እመቤቶችን እየጠየቁ፣ እያንዳንዱን ሥራ በሰዓት እየለኩ፣ ሴትዮዋ ከምድጃ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ማጠቢያ ስትመላለስ የምትረግጠውን እርምጃ መቁጠር ያዙ። በባቡር ላይ ያለውንም ወጥ ቤት መረመሩ። በዚያች እጅግ ጠባብ ክፍል ጥቂት ሰዎች ለብዙ መንገደኛ ምግብ ሲያዘጋጁ ተመልክተው፣ ለሥራ የሚያስፈልገው የቦታ ብዛት ሳይሆን የዕቃ አቀማመጥ መሆኑን ተረዱ።

ንድፉ እንደሚከተለው ነበር። ከበሩ ትይዩ በግድግዳው ጫፍ መስኮት አለ፤ የመክተፊያው ጠረጴዛ የተቀመጠው ከመስኮቱ ሥር ስለ ሆነ፣ የምትሠራው ሴት ፊቷ ወደ ብርሃኑ ይሆናል። በአንደኛው ወገን ምድጃው፣ በሌላው ወገን የዕቃ ማጠቢያውና ቁም ሣጥኖቹ ይገኛሉ። በመካከል የቀረው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ይህ ጥበት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በመካከል የቆመች ሴት ሁለት እርምጃ ሳትራመድ ሁሉንም በእጅዋ ታገኛለችና። ቁጭ ብላ የምትሠራበት፣ ከፍና ዝቅ የሚል ተሽከርካሪ ወንበርም ተዘጋጅቶላታል።

ቁም ሣጥኖቹ ከግድግዳው ጋራ የተያያዙ በመሆናቸው በመካከላቸው አቧራ የሚገባበት ክፍተት፣ ያለ ሥራ የሚቀር ቦታም የለም። ሩዝ፣ ስኳርና ጨው የመሳሰለው በአሉሚኒየም በተሠሩ ትናንሽ መሳቢያዎች ውስጥ ይቀመጣል። እነዚህ መሳቢያዎች እጀታና ማፍሰሻ ስላላቸው፣ ስባ አውጥታ በቀጥታ ወደ ድስቱ ትገለብጣለች፤ በእያንዳንዱም ላይ የሚይዘው ነገር ስም ተጽፎበታል። ለዱቄት የተሠራው መያዣ ግን ነቀዝ እንዳይገባበት ከባሉጥ እንጨት ነው። በመክተፊያው ጠረጴዛ ላይ ልጣጩ ተጠርጎ የሚገባበት መሳቢያ አለ። የታጠበው ሳሕን ከማጠቢያው በላይ በተሠራ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ውኃው እየተንጠባጠበ ራሱን ያደርቃል፤ ስለዚህ በጨርቅ መወልወሉ ቀረ።

የልብስ መተኮሻው ሰሌዳ ከግድግዳ ጋራ ተያይዞ የሚታጠፍ ነው፤ ሲፈለግ ይወርዳል፣ ሲያበቃ ይነሣል። መብራቱም በጣራው ላይ በተዘረጋ ሐዲድ እየተሳበ ወደሚሠራበት ቦታ ይመጣል። ወደ ሳሎን የሚወስደው በር በጎን የሚንሸራተት ስለ ሆነ ሲከፈት ቦታ አይወስድም። ከምድጃው እስከ ምግብ ጠረጴዛው ያለው ርቀትም 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሩ ተከፍቶ ሳለ እናቲቱ እያበሰለች በሳሎን የሚጫወቱትን ልጆች ታያለች፤ ክፍሉም ወደ ሳሎኑ የቀጠለ መስሎ ይታያል። ቁም ሣጥኖቹ በብዙዎቹ ቤቶች ሰማያዊና አረንጓዴ በተደባለቀበት ቀለም ተቀቡ፤ ይህም ዝንብ በዚህ ቀለም ላይ ማረፍ አይወድም ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ ግድግዳው አንዲት ስንዝር እንኳ አልተገፋም። የሰፋው ሥራው ነው። ዕቃ እንደ ሥራው ተራ ሲቀመጥ፣ የማያስፈልገው ሲታጠፍ፣ ብርሃን ሲገባ፣ በር መንገድ ሳይዘጋ ሲቀር፣ ያው ጠባብ ክፍል እንደ ሰፊ ይቆጠራል።

በፍራንክፈርት እንዲህ ያሉ 10,000 ያህል ወጥ ቤቶች ተሠሩ። ተከራዩ ቁም ሣጥን መግዛት ሳያስፈልገው ዋጋው በኪራዩ ውስጥ ተካቶ ቀስ በቀስ ይከፈል ነበር። ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው በደስታ አልተቀበለውም። በድሮው ሰፊ ወጥ ቤት ተቀምጦ መብላት የለመደ ሰው ጠረጴዛውን የሚያስገባበት አጣ። በመሳቢያዎቹ ላይ የተጻፈው ስም ከቤቱ ልማድ ጋራ ያልተስማማላቸው ሴቶች ነበሩ፤ ዝቅ ብለው የተሠሩት መሳቢያዎችም ለሕፃናት እጅ የቀረቡ ሆኑ። ከሁሉም የከበደው ነቀፌታ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጣው ነው። ወጥ ቤቱ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ በመሆኑ ባልም ሆነ ልጅ ገብቶ እንዳይረዳ አድርጓል፤ ሴቲቱንም ከቤተ ሰቡ ለይቶ ለብቻዋ አስቀርቷታል የሚል ክርክር ተነሣ። ይህ ነቀፌታ እውነትነት አለው። የነዳፊዋ ሐሳብ ግን ሴት በምድጃ ዙሪያ የምታጠፋው ጊዜ አጥሮ ለትምህርት፣ ለሥራና ለዕረፍት እንዲተርፋት ነበር። ሥራውን ማሳጠርና ሥራውን ማካፈል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን የኋለኛው ትውልድ ለይቶ አየ።

ማርጋሬቴ በ1927 የሥራ ባልደረባቸው የነበሩትን ነዳፊ ዊልሄልም ሹተን አገቡ። በ1930 ከኤርንስት ማይና ከሌሎች ነዳፊዎች ጋራ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው እንደ ማግኒቶጎርስክ ላሉ አዳዲስ የኢንዱስትሪ ከተሞች ሥራ ተካፈሉ። በዚያም በተለይ የሕፃናት መዋያና መዋዕለ ሕፃናት ይነድፉ ነበር። በ1937 ከዚያ አገር ወጡ፤ በ1938 ኢስታንቡል ገብተው በቱርክ ትምህርት ቤቶችን በመንደፍ ሥራ ተሰማሩ። በዚያው ዓመት የሂትለር ጦር አገራቸውን ኦስትሪያን ያዘ።

ወይዘሮ ማርጋሬቴ በኢስታንቡል በሰላም ለመኖር የሚያግዳቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ከኦስትሪያ ኮሚኒስቶች ጋራ ተባብረው አገራቸውን ከናዚዎች ነፃ ለማውጣት ከሚታገሉት ወገን ተሰለፉ። በዲሴምበር 1940 መልእክት ይዘው በድብቅ ሥራ ወደ ቪየና ተመለሱ። ገና አንድ ወር ሳይሞላቸው፣ በጃንዋሪ 22 ቀን 1941፣ ማለት ከልደት ቀናቸው ዋዜማ፣ በጌስታፖ እጅ ወደቁ። አብረዋቸው ከተያዙት ጓደኞቻቸው መካከል በሞት የተቀጡ ነበሩ። እርሳቸውም የሞት ፍርድ ሲጠብቁ ቆይተው በ1942 የ15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በጀርመን በባቫሪያ ግዛት በሚገኘው በአይኻኽ የሴቶች ወህኒ ቤት ታሥረው ከቆዩ በኋላ፣ በኤፕሪል 1945 የአሜሪካ ወታደሮች ነፃ አወጧቸው። ለሰው ልጅ ሁለት እርምጃ ለማትረፍ ይደክሙ የነበሩት ሴት ከአራት ዓመት በላይ እርምጃቸው በእስር ቤት ግድግዳ ተወስኖ ኖረ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1947 ወደ ቪየና ተመለሱ። ለአገራቸው ይህን ያህል መሥዋዕትነት ቢከፍሉም ኮሚኒስት በመሆናቸው ከመንግሥት የሚሰጣቸው ሥራ እጅግ ጥቂት ሆነ። ከተሰጧቸው ጥቂቶች መካከል በቪየና የሠሯቸው መዋዕለ ሕፃናት ይገኙበታል። ሙያቸውን በሌሎች አገሮች በማማከር ሲያገለግሉ ቆዩ። ክብሩ የመጣው ከእርጅና ጋራ ነው። በ1980 የቪየና ከተማ የሕንፃ ጥበብ ሽልማት ሰጣቸው፤ በ1985 ስለ ትግላቸው ዘመን የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። በ1988 ደግሞ መንግሥት ኒሻን ሊሸልማቸው በፈለገ ጊዜ፣ ሽልማቱን የሚሰጡት ፕሬዚዳንት ኩርት ቫልድሃይም በጦርነቱ ዘመን የነበራቸው ታሪክ የሚያከራክር ስለ ነበረ አልቀበልም አሉ። ኒሻኑን የተቀበሉት ቫልድሃይም ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ነው።

በ1997 መቶኛ የልደት በዓላቸው ሲከበር ከቪየና ከንቲባ ጋራ ቫልስ ጨፈሩ። ሰው ሁሉ ያን ሁሉ የሕይወት ሥራቸውን ትቶ ስለ አንዲት ወጥ ቤት ብቻ ሲጠይቃቸው ግን ይበሳጩ ነበር፤ እንዲህ እንደሚሆን አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ባልሠሯት ይሻል እንደ ነበረ እስከ መናገር ደርሰዋል። በጃንዋሪ 18 ቀን 2000፣ 103 ዓመት ሊሞላቸው አምስት ቀን ሲቀር፣ በተወለዱበት ከተማ ዐረፉ። በፍራንክፈርት ከተሠሩት ወጥ ቤቶች ብዙዎቹ ቤቱ በታደሰ ቁጥር እየተነቀሉ ተጥለዋል። የተረፉት ጥቂቶች ግን እንደ ለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ እንደ ኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ባሉ ስፍራዎች በክብር ተቀምጠዋል። በዛሬው ጊዜ በየከተማው የሚሠራ፣ ቁም ሣጥኑ ከግድግዳ የተያያዘ ወጥ ቤትም የእነርሱ ዝርያ ነው።

ከዚህ ታሪክ ወጣት አንባቢዎቻችን ሁለት ነገር ይማራሉ ብለን እናምናለን። አንደኛው ለእጅ ሥራ የሚሆን ነው፤ ጠባብ ወጥ ቤት ያለው ሰው ግድግዳ ለማፍረስ ከመነሣቱ በፊት፣ አንድ ቀን እንኳ እርምጃውን ይቁጠር። በየቀኑ የሚፈልገው ዕቃ በእጁ አጠገብ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚፈልገው ከላይ ይሁን፤ መስኮቱን የከለለው ይነሣ። ሁለተኛው ለአእምሮ የሚሆን ነው። ወይዘሮ ማርጋሬቴ የማያውቁትን ሥራ ሲቀበሉ ከሚያውቁት ሴቶች ጠይቀው ተማሩ እንጂ ከጠረጴዛቸው ላይ ሆነው አላዘዙም። ለሕዝብ የሚሠራ ሹምም ሆነ ሠራተኛ፣ ወረቀቱን ከመፈረሙ በፊት ነገሩ የሚፈጸምበትን ጓዳ ገብቶ ቢያይ፣ የሚያተርፈው የራሱን ብቻ ሳይሆን የብዙ ሰው ድካም ነው።