ፒየር ኩሪ

ፒየር ኩሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በፈረንሳይ ዋና ከተማ በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበሩ። ልጃቸው አሳቡ በአንድ ነገር ላይ ካረፈ ወደ ሌላ ቶሎ የማይዛወር መሆኑን ስለ ተገነዘቡ፣ ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩት በቤት ውስጥ እንዲማር አደረጉ። እርሱም በ18 ዓመቱ የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ።

በ1880 ዓ.ም. ከወንድሙ ከዣክ ጋር ሆኖ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ደረሰበት። ከዚህም የተነሣ አተሞች የተደረደሩበት ሥርዓት የአንድን ነገር ጠባይ እንዴት እንደሚወስን ማሰላሰል ጀመረ።

ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ሲሠራ ደመወዙ አነስተኛ ነበር፤ የራሱ የሆነ የምርምር ክፍልም አልነበረውም። ስለ ማግኔት ያደረገውን ረጅም ምርምር ያካሄደው በአንድ መተላለፊያ ውስጥ ነበር። በዚያም ብረትንና ሌሎችን ነገሮች እያጋለ፣ የማግኔትነት ኃይላቸው ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በጥንቃቄ ለካ። ውጤቱንም በ1895 ዓ.ም. ለዶክትሬት ዲግሪ አቀረበ።

በብረት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ አተም እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። እነዚህ ማግኔቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ ኃይላቸው ይደመራል። ሙቀቱ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ግን ሰልፉ ይፈርሳል። እንዲህ ያለው የሙቀት ደረጃ ዛሬ በስሙ የኩሪ ነጥብ ይባላል።

ፒየር በዚያው ዓመት ማሪ ስክሎዶውስካን አገባ። በኋላም የማግኔትና የክሪስታል ምርምሩን ትቶ የባለቤቱን ሥራ አገዘ። በ1898 ዓ.ም. ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ፤ በ1903 ዓ.ም. ከአንሪ ቤክሬል ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። መንግሥት ኒሻን ሊሰጠው ባሰበ ጊዜ ግን የሚያስፈልገው ኒሻን ሳይሆን ላቦራቶሪ መሆኑን ገልጦ ሳይቀበል ቀረ። በ1906 ዓ.ም. ዝናብ በሚጥልበት ቀን በፓሪስ መንገድ ላይ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ገጭቶት በ46 ዓመቱ ሞተ። ሲመኘው የኖረው የተሟላ ላቦራቶሪም አልተሠራለትም ነበር።

ጥያቄው ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። በ1935 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሊቃውንት ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች ከሚባሉት አንዱ የሆነው ጋዶሊኒየም እንደ ብረት ማግኔት እንደሚሆን አረጋገጡ። የእርሱ የኩሪ ነጥብ 20 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ይህ ኃይሉ ይጠፋል። የዘመዶቹ የተርቢየምና የዲስፕሮሲየም ማግኔትነት ደግሞ አቅጣጫ ይመርጣል። ማግኔትነታቸውን የሚሰጡት ኤሌክትሮኖች የሚይዙት ቦታ ቅርጹ ድቡልቡል ስላልሆነ፣ በዙሪያቸው የተደረደሩት አተሞች ወደ ተወሰነ አቅጣጫ ያዘነብሉታል፤ ትንንሾቹ ማግኔቶችም ይህንኑ ይከተላሉ። በጋዶሊኒየም ግን ቅርጹ ድቡልቡል ስለ ሆነ ምርጫው ደካማ ነው። እንግዲህ የአተሞች አደራደር የነገርን ጠባይ ይወስናል ብሎ ፒየር ኩሪ በወጣትነቱ የጀመረው አሳብ ከሞቱ በኋላም ፍሬ አፈራ።