እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ

በትምህርት ክፍላችን የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም ሲነሣ ሁላችንም ወደ ዓድዋ እንሮጣለን። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ መኖሪያ ምርጫቸው ላወጋችሁ ፈለግሁ። ነገሩ የገባኝ እንጦጦ ወጥቼ በብርድ ስንቀጠቀጥ ነው።

ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አገቡ። ብዙም ሳይቆይ ኑሯቸው እንጦጦ ሆነ። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ለጠላት አይመችም፤ ለነዋሪውም እንዲሁ። ንፋሱ አጥንት ይገባል፤ ማገዶውም እያለቀ ሄደ። ከሥሩ በስተደቡብ ግን ኦሮሞዎች ፊንፊኔ የሚሉት ሞቅ ያለ ሜዳ ከነፍልውሃው ተዘርግቷል። እቴጌ ቦታውን ወደዱት፤ ቤት አሠሩበት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ቀስ በቀስ ተከትለው ወረዱ። ታዲያ ምሽግ ይሻላል ወይስ ሙቀት ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሰጡት እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የሚያሳዝነው መጨረሻው ነው። ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ሳሉ፣ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ እቴጌን ከሥልጣን ገለል አደረጓቸው። ባላቸው በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ደግሞ ወደ እንጦጦ ተላኩ። ያንን ትተውት የወረዱትን ብርድ በስተርጅና ተመልሰው ቀመሱት። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ።

እኔ ጃኬቴን ቆልፌ በታክሲ ወረድኩ። እሳቸው ግን ስም ያወጡላትን ከተማ ቁልቁል እያዩ፣ መውረድ ሳይችሉ ቀሩ።